ባል ወይም ሚስት የሞተበት ሰው ስለሚመገበው ምግብና ስለ ጤንነቱ

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር፤ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ወርኃዊ መዋጮ አይደለም። ስለ መዋጮው የሚባለው ተብሏል፤ ያልከፈለም ራሱን ያውቃል። የዛሬው ጉዳያችን ድንኳኑን ነቅለን፣ ወንበሩን ቆጥረን፣ ብረት ድስቱን አጥበን ወደ ዕቃ ቤት ካስገባን በኋላ በዚያ ሐዘን ቤት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ይህን እንድንናገር ያነሣሣን መዝገባችን ነው። የሟቾችን ስም ከአሮጌው ደብተር ወደ አዲሱ ስናዛውር፣ የአንድ አባላችን ስም ካለበት ገጽ አራት ገጽ እንደ ገለጥን የባለቤቱን ስም አገኘን። እሱ በሰኔ፣ እስዋ በኅዳር። ሁለቱንም የቀበርናቸው እኛው ነን፤ ለሁለቱም ድንኳን ተክለናል። ነገር ግን በሰኔና በኅዳር መካከል ስለ ነበሩት ወራት የሚናገር አንድ መሥመር እንኳ በመዝገባችን የለም። ምን ትበላ ነበር? ከማን ጋር ቡና ትጠጣ ነበር? ብለን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ የሚመልስ ጠፋ። አንዲት ጎረቤትዋ ብቻ፣ «ከጥቅምት ጀምሮ አምባርዋ ከእጅዋ ይወልቅ ነበር» አለችን። ጥቅምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሁላችንም እርሻ ላይ ነበርን።

እንግዲህ ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም ይህን የምናነሣው። እድራችን የሚያውቀው ሥራ አለው። ሰው በሞተ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይደርሳል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ እናቶች እንጀራና ወጥ ይዘው ይመጣሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም በተራው ያገለግላል። ሦስቱን ቀን በሐዘን ቤት ምግብ ተርፎ ይደፋል እንጂ አይጎድልም። ችግሩ ከአራተኛው ቀን በኋላ ነው። በሦስቱ ቀን ባለ ሐዘኑ መብላት አይችልም፤ መብላት የሚችልበት ቀን ሲመጣ ደግሞ እኛ ሄደናል።

ሐዘን የልብ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። የጤና ባለሙያዎች እንዳስረዱን፣ ሰው ብርቱ ሐዘን ሲደርስበት ሰውነቱ አደጋ እንደ መጣበት ቆጥሮ ይሰናዳል። የልብ ምት ይጨምራል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ የሆድ ሥራ ይዛባል። አፍ ይደርቃል፤ ምግቡ እንደ ገለባ ይሆናል። «አልራበኝም» የሚለው ባለ ሐዘን ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ረኃቡን የሚነግረው የሰውነቱ ደወል ዝም ብሎበታል። ይህ ለሳምንት ቢሆን ሰውነት ይችለዋል። ለወራት ሲሆን ግን ጡንቻ ይሟሽሻል፣ በሽታን የሚከላከለው ኃይል ይደክማል፣ ቀድሞ የነበረ ሕመምም ይነሣል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። እንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው 4,486 ወንዶች ለዘጠኝ ዓመት ተከታትለዋቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ታትሞ ወጣ። ከነዚያ ሰዎች 213ቱ የሞቱት ሚስቶቻቸው ከሞቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 6 ወራት ውስጥ ነው። ይህም ሚስቶቻቸው በሕይወት ካሉት እኩዮቻቸው ይጠበቅ ከነበረው በ40 ከመቶ የበለጠ ነው። አብዛኛውን ልዩነት ያመጣው የልብ በሽታ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ግን ቁጥሩ ቀስ በቀስ እየወረደ ከእኩዮቻቸው ጋር ተስተካከለ። ይህን ስድስት ወር የሚለውን ነገር ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ የልብ ሕመም ስም አወጡለት። ድንገተኛ ሐዘን ወይም ድንጋጤ የደረሰበት ሰው ደረቱን ወግቶት፣ ትንፋሽ አጥሮት ሐኪም ቤት ይመጣል፤ የልብ ደም ሥሩ ሲታይ ግን አልተዘጋም። ልቡ ራሱ በአንድ በኩል ተነፍቶ ደም መግፋት አቅቶታል። የተነፋው ልብ ቅርጹ እነሱ ከባሕር እንስሳ ከሚያጠምዱበት ማሰሮ ጋር ስለሚመሳሰል በዚያው ማሰሮ ስም ጠሩት። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ይይዛል፤ ብዙዎቹ በሕክምና ይድናሉ። እኛ ድሮም «ልቤን ሰበረው» ስንል ኖረናል፤ ነገሩ እውነትነት አለው ማለት ነው። ስለዚህ በለቅሶ መካከል ደረቷን ይዛ የተቀመጠች እናት ስትታይ «ሐዘኑ ነው፣ ይለቃታል» ብሎ ውኃ ብቻ መርጨት ተገቢ አይደለም። ባጃጅ ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

የሩቁን ከተናገርን የቅርባችንንም እናንሣ። የቋራው ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ የአገራችን የቆላው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱባቸው። ከዚያ ወዲህ የንጉሡ ጠባይ እንደ ተለወጠ፣ ቁጣቸውም እንደ በረታ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው ፕላውደን፣ በ1853 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ቤል ተከታትለው ሞቱባቸው። በኋላ እቴጌ ጥሩወርቅን ቢያገቡም የፊተኛውን ዓይነት ጎጆ አላገኙም። በንጉሥ ቤት የሚበላ አይጠፋም፤ የሚያጎርስ ግን ይጠፋል። መቼም የመንግሥትን ነገር ሁሉ በአንድ ሐዘን እናስረዳለን አንልም፤ ብቻ እንዲያ ያለ ጀግና ያልቻለውን ሐዘን አንዲት ባልዋ የሞተባት እናት ብቻዋን እንድትችለው መጠበቅ አይገባንም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የኛ ሰው ብቻውን መብላት አያውቅም። ከልጅነቱ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ባልና ሚስት ሠላሳ ዓመት ከአንድ ገበታ ሲቆርሱ ኖረው አንዱ ሲሄድ፣ የቀረው ሰው ያጣው ሰውን ብቻ አይደለም፤ የምግቡን ሰዓት ጭምር አጥቷል። ምሳ ማለት ባልዋ ከእርሻ ወይም ከገበያ የሚመለስበት ሰዓት ነበር። አሁን የሚመለስ የለም፤ ስለዚህ ምሳ የለም። ብዙ እናቶቻችን እንዲህ ይላሉ፦ «ለአንድ ሰው ብሎ ምን ወጥ ይሠራል?» ሽንኩርት መክተፉም፣ ከሰል ማቀጣጠሉም ለማን ብለው ይታክታሉ። ጠዋት ቡና፣ ቀን ቡና፣ ማታ ሻይ ከብዙ ስኳር ጋር፤ ከዚያ ደረቅ የማሽላ እንጀራ በበርበሬ። ይህ ምግብ ሆኖ ይቆጠራል። ቡናው ደግሞ ያለውን ትንሽ ፍላጎትና እንቅልፍ ጨርሶ ይወስደዋል።

ወንዶቹስ? የወንዶቹ ሌላ ጉድ ነው። አንድ አባላችን ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ማካሮኒ በጨው እየቀቀሉ ሲበሉ ከረሙ። በርበሬው የት እንደሚቀመጥ አላወቁም ነበር! ኋላ ጎረቤት ገብታ ብታይ ድልሁ ከአልጋው ሥር በእንስራ ሙሉ ተቀምጧል። ይህን ስንናገር ሳቃችሁ፤ እሳቸውም እዚህ ተቀምጠው እየሳቁ ነው፣ ይበል። እንደ እሳቸው የማይስቅ ግን አለ። ቤቱን ሽሽት ቀኑን በሱቅ በር ተቀምጦ ውሎ፣ ማታ አረቄ ቤት የሚገባ አለ። አረቄ ለጊዜው እንቅልፍ ያመጣል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ጉበትና ጨጓራ ይጎዳል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳ ጎረቤት ካያችሁ እንደ ቀልድ አትለፉት።

የአየራችን ነገር ይህን ሁሉ ያብሰዋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ጊዜ ጤነኛውም ሰው ምግብ አያሰኘውም። ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም። ያላለቀሰ እንኳ በሚደርቅበት አገር ያለቀሰ ሰው ውኃ ካልጠጣ ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። ስለዚህ ባለ ሐዘን ዘንድ ስትገቡ መጀመሪያ ውኃ ስጡት። ከርከዴ ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ብርዝ ቢሆንም መልካም ነው።

አሁን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበንን እንናገር። በሌላ አገር ሰው ከሐዘን በኋላ ከሳ ቢሉ ሐዘኑ ይሆናል። በመተማና በቋራ፣ በአርማጭሆም ቆላ ሰው ሲከሳ ሐዘን ነው ብሎ መዝጋት ያስገድላል። ካላዛር ያለበት አገር ነው። ካላዛር ሰውን ቀስ ብሎ ያከሳዋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ያደክማል፤ ልክ ሐዘን የሚያደርገውን ያደርጋል። ልዩነቱ ሁለት ሳምንት የዘለቀ ትኩሳትና በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የሚያብጠው ጣፊያ ነው። በመዝገባችን ላይ ስላገኘናት ስለዚያች እናት ዛሬ እርግጠኛውን መናገር አንችልም፤ አልተመረመረችምና። ጎረቤትዋ ግን «ማታ ማታ ያተኩሳት ነበር» ብላለች። እኛ ሁላችን «ባልዋን እየተከተለች ነው» አልን። ይህ አነጋገር ራሱ ቢቀር እንወዳለን። ካላዛር ካልታከመ ብዙውን ጊዜ ይገድላል፤ ከታከመ ግን ይድናል። ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም የሚደረግ ምርመራ አለ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የቆመ የሕክምና ማዕከል አለ።

ምግብ ያነሰው ሰውነት ደግሞ ለዚህ በሽታ ይመቻል። የበሽታው ተባይ በሰውነቱ ገብቶ ሳያመው የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ ሰውነቱ በረኃብ ሲደክም ያን ጊዜ ይነሣበታል። በላዩ ላይ የኛ የሐዘን ልማድ አለ። ባለ ሐዘን አልጋ ትቶ መሬት ላይ ይተኛል፤ በሙቀቱ ምክንያትም ደጅ ይወጣል። ካላዛርን የምታስተላልፈው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር የምትኖር፣ በሌሊት የምትነድፍ ናት። ስለዚህ መሬት መተኛት ያለበት ሰው ካለ አጎበር ይዘርጋ። ሐዘኑን አጎበር አያጎድልበትም።

ስለ ወባም አንድ ነገር እንጨምር። ኮአርተም የሚባለው የወባ ኪኒን ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በሚገባ የሚቀበለው። በባዶ ሆድ በጥቁር ሻይ የሚውጠው ሰው መድኃኒቱን ግማሽ እንደ ጣለው ይቁጠረው። ስኳር በሽታ ያለበት ባለ ሐዘን ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ኢንሱሊኑን ወይም ኪኒኑን እንደ ወትሮው ወስዶ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ከመጠን በላይ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል፣ ራሱን ይስታል። «በሐዘን አእምሮው ተነካ» ከማለታችሁ በፊት፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። መድኃኒቱንም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ምግቤ ቀንሷል ብሎ ለሐኪሙ ይንገር።

ምን ይብላ ለሚለው ጥያቄ ብዙ አንደክማችሁም፤ እናቶች ከኛ ይበልጥ ያውቁታል። ብቻ አንድ የሚገርመን ነገር አለ። አገራችን የሰሊጥ አገር ነው። በኩንታል ጭነን እንሸጣለን፤ በየቤታችን ገብታችሁ ብታዩ ግን ሰሊጥ የሚበላው ስንቱ ነው? ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ገንቢ ምግብም አለው። የሰሊጥ ፍትፍት ለጦመኛ የተፈቀደ፣ ማኘክ ለደከመውም የሚመች፣ የወባ ኪኒን ለሚውጠውም ቅባት የሚሆን ነው። ጠንካራ ምግብ አልወርድ ላለው ደግሞ አጥሚት፣ በማር ውኃ የተበጠበጠ በሶ፣ የፍየል ወተት የተፈላ፣ ለስላሳ የማሽላ ገንፎ አለ። ሦስት ጊዜ ብዙ ከማቅረብ ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ይሻላል።

ስለ ጾምና ስለ ዒዳ የምንናገረው በጥንቃቄ ነው። ለሞተው ብለው ከታዘዘው በላይ የሚጦሙ እናቶች አሉ። የታመመና የደከመ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የነፍስ አባቱን ይጠይቅ፤ ካህናቱ ለታመመ ሰው ምግብ ሲፈቅዱ አይተናል። በእስላም ወገኖቻችን ዘንድ ባልዋ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትጠብቃለች፤ ያረገዘች ከሆነች እስክትወልድ ነው። በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ቤትዋ ስለምትውል ገበያ የሚሄድላት ሰው ያስፈልጋታል። ዒዳ ከምግብ አይከለክልም። የከለከላት ካለ ዘንቢልዋን ይዞ የሚሄድ ሰው መጥፋቱ ነው።

አሁን ደግሞ ጥቂት ሰው ይቆጣን ይሆናል፤ ቢሆንም እንናገረዋለን። ለአርባው ተዝካር ሰሊጡን ሸጣ፣ ወይፈኑን አርዳ፣ ጠላ ጠምቃ ሰውን ሁሉ ያበላች እናት በሃምሳኛው ቀን እቤትዋ ዱቄት የለም። እኛ የበላነው የስድስት ወር ቀለብዋን ነው። ጸሎቱ ይደረግ፣ ለነዳያን ይሰጥ፤ ማንም ይህን አይከለክልም። ነገር ግን እኛ እቤታችን ምግብ ያለን ሰዎች ልንበላው አይገባንም ነበር። የኮሚቴው አሳብ፣ የእድር አባል ለተዝካርም ሆነ ለሰደቃ ሲጠራ ጸሎት አድርጎ፣ ውኃና ንፍሮ ቀምሶ እንዲነሣ ነው። በስብሰባው ላይ ሦስት አባሎች ተቃውመዋል፤ ተቃውሞአቸውም በቃለ ጉባኤው ተጽፏል። ብዙኃኑ ግን ተቀብሎታል።

የወሰንነው ሌላው ነገር ይህ ነው። ባል ወይም ሚስት በሞተበት ቤት ከአራተኛው ቀን እስከ አርባው ድረስ በየቀኑ አንድ ቤት ተራ ይዞ ይሄዳል። ከአርባው በኋላ እስከ ስድስት ወር በሳምንት ሁለት ቀን ይሆናል። ለምን ስድስት ወር እንደሆነ ከላይ ሰምታችኋል። ተረኛው ሳህን አስቀምጦ አይመለስም። ይህ ዋናው ነገር ነው። እንጀራ አድርሶ መሄድማ ስናደርገው የኖርነው ነው፤ ሳህኑ እንደ ተከደነ ማግስቱን ሲገኝ አይተናል። ተረኛው ተቀምጦ፣ ከአንድ ትሪ አብሮ ቆርሶ፣ አጉርሶ፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ከወረደለት በኋላ ነው የሚነሣው። ቡና ከምግብ በኋላ ይፈላ፤ በፊት አይሆንም። ሚስት ለሞተችበት ወንድ ወንዶች ይሂዱ፤ ሽሮ መሥራት ያልቻለ ካለ አብረው ይማሩ። ሴቶች ብቻ ይሸከሙት የሚል ውሳኔ አላወጣንም።

በነዚህ ቀኖች ባለ ሐዘኑ «ከእንግዲህ መኖር አልፈልግም፣ እከተለዋለሁ» ብሎ ደጋግሞ ከተናገረ፣ ወይም ዕቃውን ማከፋፈል ከጀመረ፣ ተረኛው ብቻውን ትቶት አይሂድ። ለቤተሰቡና ለኮሚቴው ይንገር፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። ይህ ነውር አይደለም፤ ሕክምና ያለው ነገር ነው።

አንድ አባል ያነሣው ጥያቄ ደግሞ ነበር፦ መዋጮ ለማይከፍሉትስ? የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ በገላባት በኩል ተሻግረው የመጡ፣ በየግቢያችን ተከራይተው የተቀመጡ ሴቶች አይተናል። ባሏን በመንገድ የቀበረች አለች፤ ጭራሽ ያልቀበረችም አለች። ድንኳን ያልተተከለላት፣ ንፍሮ ያልተቀቀለላት ሰው ናት። በእድሩ ገንዘብ ማድረግ እንደማንችል ደንቡ ይናገራል። አብሮ ለመብላት ግን ደንብ አያስፈልግም፤ ስለዚህ የተራው መዝገብ ላይ ጎረቤት ሁሉ እንዲገባ ተስማምተናል። አሲዳና ወይቃ መሥራት ከእነሱ የተማራችሁ እናቶች ብትቀድሙ መልካም ነው፤ የለመዱትን ምግብ ሲያዩ ይበላሉ።

የተረኞች ስም ዝርዝር ከዚህ ወረቀት በስተቀኝ ተለጥፏል። በአጨዳ ወራት እርሻ ላይ የሚሰነብት ሰው ከመሄዱ በፊት የሚተካውን ያስመዝግብ፤ ዘንድሮ በጥቅምት ተራ ባዶ እንዲሆን አንፈልግም። ስሙ የተዘለለበት ወይም በስሕተት የተጻፈበት ካለ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ከጸሐፊው ዘንድ መጥቶ ያሳርም። የመጀመሪያው ተራ የፊታችን ረቡዕ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ሐዘን ቤት ይጀመራል፤ ተረኛው ምሳ ሰዓት ላይ ይድረስ፣ ውኃም ይዞ ይሂድ፣ የዚያ ሰፈር ቧንቧ ከሰኞ ጀምሮ አይመጣምና።